ሳህኑ ሞልቶ ይዋል ወይስ በሰዓት ይቅረብ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

  የዛሬው የእንስሳት ጤና ዝግጅታችን ሌሊቱን ሙሉ ግቢያችሁን ሲጠብቅ ስለሚያድረው ውሻችሁ ነው። ከእናንተ በተደጋጋሚ የሚደርሰንን አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ። ውሻ ምግቡ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ተቀምጦለት ባሻው ጊዜ ይብላ? ወይስ በተወሰነ ሰዓት፣ በተለካ መጠን ይቅረብለት?

መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናያለን። ለአብዛኛው ውሻ፣ በተለይም በእኛ አገር ግቢ ውስጥ ለሚኖረው፣ በሰዓት መመገብ ይሻላል። ብዙ ሰው ምክንያቱ ውፍረት ብቻ ይመስለዋል። ውፍረቱም አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ውሻ አመመኝ ብሎ አይናገርም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በአበላሉ ነው። ጠዋትና ማታ ቆመን የምናበላው ከሆነ ያን ለውጥ በዚያው ቀን እናያለን። ቀኑን ሙሉ ምግብ ተደፍቶለት ከዋለ ግን መብላት ማቆሙን የምናውቀው ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ ጎኑ ሲሰረጉድ ነው።

እስቲ በብዙ ግቢ ውስጥ የሚታየውን በቅርበት እንመልከተው። በሩ አጠገብ፣ ከዘበኛው ቤት ጥግ፣ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል። ከምሳ የተረፈው ወጥ የነካው እንጀራ ይጣልበታል። ማታ ደግሞ የራት ትርፍራፊ ከላዩ ይደፋል። የቀኑ ከሥር ይሻግታል፣ ዳር ዳሩ ደርቆ ይጣበቃል። ዝንብ ይወረዋል፤ ሌሊት አይጥ፣ ሲነጋ ቁራ ይካፈለዋል። በሩ ክፍት ከሆነ የሰፈር ውሻም ይገባል። የቤቱ ውሻ ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን እንደበላ የሚያውቅ ሰው የለም። የቤት እመቤቷ ዘበኛው አብልቶታል ትላለች፤ ዘበኛው ከቤት ወጥቶለታል ይላል፤ ልጆቹም በየፊናቸው ዳቦ ይወረውሩለታል።

ይህንን አሠራር ብዙዎቻችን «ምግብ ሁልጊዜ አለለት» እንለዋለን። በሌሎች አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ሳህን ሞልቶ ስለመተው ሲናገሩ ግን በአእምሯቸው ያለው ደረቁ የፋብሪካ ምግብ ነው። ያ ምግብ እርጥበቱ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ቶሎ አይበላሽም። የእኛ ፍርፍር፣ ሩዝ፣ ገንፎና የተቀቀለ ሳንባ ግን እርጥብ ነው። የበሰለ እርጥብ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ በሞቃት አካባቢ፣ በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ፀሐይ፣ ከዚያም ይፈጥናል። የሻገተ እንጀራና ዳቦም ለውሻ አይሰጥም። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ የውሻን ጉበት ይጎዳል፤ አንዳንዱም ያንቀጠቅጠዋል። አይጥ በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ በሽታው ውሻውንም ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ በቤት የበሰለ ምግብ የምታበሉ አድማጮቼ፣ ለእናንተ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል። እርጥብ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ የተረፈው ይነሳል፣ ሳህኑ ይታጠባል።

ደረቅ ምግብ የሚገዙትስ? ወደ እነርሱ ስንመጣ የውሻን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውሻ የመጣው ከተኩላ ነው። ተኩላ አድኖ ሲያገኝ በአንዴ አብዝቶ ይበላል፤ ሳያገኝ ደግሞ ቀናትን ጾሙን ያድራል። የውሻ ጨጓራም በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ለመያዝ የተሰናዳ ነው። በሌላ በኩል ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን ሆዱ ተለውጧል። በ2013 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት እንዳሳየው፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን በውሻ ውስጥ ከተኩላ ይልቅ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ይገኛል። ውሻ የበሰለ እህል በልቶ የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው። እንጀራም፣ የበቆሎ ገንፎም፣ ሩዝም ለሆዱ ባዕድ አይደሉም። ብቻቸውን ግን አይበቁትም፤ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ሌላ በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ሊጨመርላቸው ይገባል።

ሆዱ ቢለወጥም፣ ምግብ ባገኘ ጊዜ አብዝቶ የመብላት ዝንባሌው በብዙ ውሾች ላይ ዛሬም አለ። አንዳንዱ ውሻ በእርግጥ ለራሱ ልክ ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ ቢቀመጥለት ቀመስ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ውሻ ካላችሁና ሰውነቱም የተስተካከለ ከሆነ፣ ደረቅ ምግብ እስካበላችሁ ድረስ ተሳስታችኋል አልላችሁም። ላብራዶር የሚባለው ዝርያ ግን ሌላ ነው። በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ከአራት ላብራዶሮች በአንዱ ገደማ የጥጋብን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ጂን ጉድለት አለበት። ይኸው ቡድን በ2024 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ ጉድለቱ ያለባቸው ውሾች በምግብ ሰዓቶች መካከል ከሌሎቹ በበለጠ እንደሚርባቸውና ዕረፍት ላይ ሲሆኑ የሚያቃጥሉት ጉልበት በሩብ ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። እንዲህ ላለ ውሻ ሳህን ሞልቶ መተው በሽታ መግዛት ነው። ጥፋቱም የውሻው አይደለም፤ «ሆዳም» ብለን ስንሰድበው አንጎሉ በልተሃል እንዳላለው አናውቅም።

የምግብ ልክ ዕድሜን ምን ያህል እንደሚነካ ከሚያሳዩት ጥናቶች ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምጠቅሰው በአሜሪካ በ48 ላብራዶሮች ላይ የተደረገውን ነው። ከአንድ እናት አብረው የተወለዱት ቡችሎች ጥንድ ጥንድ ተደረጉ። ከየጥንዱ አንዱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ከሚበላው 25 በመቶ ተቀንሶ ይሰጠው ነበር፤ ይህም ዕድሜያቸውን ሙሉ። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ጠግበው የበሉት ግማሾቹ የሞቱት 11 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ሲሆን፣ ልክ የተበጀላቸው ግማሾቹ ግን 13 ዓመት ደረሱ። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። ልብ በሉ፤ ይህ ጥናት ስለ ሰዓት አይደለም፣ ስለ መጠን ነው። ነገር ግን መጠን የሚታወቀው ሲለካ ነው፤ ለመለካት ደግሞ የሚቀርብበትና የሚነሳበት ሰዓት ሊኖር ግድ ነው። ሁለት ዓመት ሊጠጋ የሚችል ዕድሜ ለውሻ ቀላል ነገር አይደለም፤ የስድስት ዓመት ልጅ እያለው ቡችላ ላመጣ ቤት ደግሞ ያ ውሻ ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን ይወስናል።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ በሰዓት እናብላ ካልን፣ በቀን ስንት ጊዜ?

ከእናቱ ጡት የተለየ ቡችላ እስከ አራት ወር ድረስ በቀን አራት ጊዜ ይብላ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢሆን ይመቻል። ጨጓራው ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ለሰውነቱ መጠን ብዙ ነው። ትንንሽ ዝርያ የሆኑ ቡችሎች ብዙ ሰዓት ጾመው ከዋሉ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን እስከ መሳትም ይደርሳሉ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቡችላን በሰዓት ማብላት ሌላም ጥቅም አለው። በልቶ ሳይቆይ አንጀቱ ስለሚንቀሳቀስ፣ የት መጸዳዳት እንዳለበት ለማስተማር ሰዓቱ ይታወቃል። እንደበላ ወደ ውጭ ይዛችሁት ውጡ።

የጀርመን ሼፐርድ ወይም ሌላ ትልቅ ዝርያ ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። «ቶሎ ይደግልኝ» ብሎ ያለ ልክ ማብላት አጥንቱን ይጎዳዋል። ክብደቱ ገና ካልጠነከረው አጥንትና መገጣጠሚያ ቀድሞ ይሄዳል፤ የዳሌ መገጣጠሚያው ይበላሻል። በተቃራኒው በሥጋና በእንጀራ ብቻ ያደገ ቡችላ ካልሲየም ያጥረውና እግሩ ይጎብጣል። በዚህ ላይ በራስ ግምት የካልሲየም እንክብል መጨመርም ጉዳት አለውና የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።

በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለማብላት የሚጠይቁም አሉ። በአሜሪካ በሺህ በሚቆጠሩ ውሾች ላይ የሚካሄድ፣ የውሾችን እርጅና የሚከታተል አንድ ትልቅ ፕሮጀክት በ2022 ያወጣው ጥናት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚበሉ ውሾች አንዳንድ ሕመሞች ያነሱባቸው ሆነው እንደተገኙ ጽፏል። ነገር ግን ጥናቱ በባለቤቶች መልስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ጊዜ መብላታቸው ጤናማ አደረጋቸው ወይስ ጤናማ ስለሆኑ ነው አንድ ጊዜ የሚበሉት የሚለውን አይለይም። በእኛ በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ ሥጋት አለ፤ የሆድ መነፋትና የጨጓራ መጠምዘዝ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች፣ ጀርመን ሼፐርድን ጨምሮ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብዙ ምግብ በጥድፊያ ሲውጡ ለዚህ አደጋ ይጋለጣሉ። ጨጓራው በአየር ይነፋና ይጠመዘዛል። ውሻው ሆዱ ይወጠራል፣ ይቅበጠበጣል፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ከምራቅ በቀር ምንም አይወጣውም። ይህን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ለትልቅ ውሻ ምግቡን ለሁለት መክፈል፣ በልቶ ወዲያው እንዳይሮጥም ማድረግ ይገባል። ማታ የሚፈታ ውሻ 12 ሰዓት ላይ በልቶ፣ ዐረፍ ብሎ 2 ሰዓት ላይ ቢፈታ ጥሩ ነው።

ስለ መጠኑ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሃያ ኪሎ የሚመዝን፣ አድጎ የጨረሰ ጤናማ ውሻ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ብዙው ደረቅ የውሻ ምግብ በ100 ግራም 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስላለው፣ የቀኑ ድርሻ ከ300 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ። በቤት የሚበስለው ውኃው ስለሚበዛ ከዚህ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ውሻን ለመመዘን አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ምግቡን ለመለካት አንድ ጣሳ ለይታችሁ ያዙ፤ ያ ጣሳ ከውሻው ምግብ ጋር ይቀመጥ፣ ለሌላ አይዋል። ዘበኛውም ልጁም የሚለካው በዚያው ጣሳ ከሆነ ጭቅጭቅ የለም።

ይህ ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሁለት ውሾች እኩል ክብደት ኖሯቸው አንዱ ከሌላው እጅግ አብልጦ ሊፈልግ ይችላል። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ የውሻው ጎን ነው። እጃችሁን ጨብጡና በሌላው እጃችሁ ጣቶች የጭብጣችሁን አጥንቶች ዳብሱ፤ የውሻችሁ ጎድን እንዲህ ከተሰማችሁ ከስቷል። እጃችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ዳብሱ፤ ጎድኑ እንደዚህ ሥጋ ለብሶ ከጠፋ ወፍሯል። አሁን የተዘረጋውን እጃችሁን ጀርባ ዳብሱ፤ አጥንቱ ሳትጫኑ ይገኛል፣ ግን አይቆረቁርም። ልኩ ይኼ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ዳብሱትና ጣሳውን በጥቂቱ ቀንሱ ወይም ጨምሩ።

አሁን በሌላ አገር መጽሐፍ ውስጥ ወደማናገኘው፣ የእኛ ወደሆነው ጉዳይ ልግባ። ይኸውም ጾም ነው።

የእኛ አገር ውሻ የሚበላው ትርፍራፊ ስለሆነ፣ ምግቡ የሚለዋወጠው ከቤተሰቡ ጾምና ፍስክ ጋር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቶች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ ከማዕድ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ወጥ ነው። ረቡዕና ዓርብም አለ፤ ሌሎቹ አጽዋማትም አሉ። የሰው ጾም የዱር አራዊትን ምግብ ሳይቀር እንደሚለውጥ በትግራይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በ2012 የታተመው ይህ ጥናት የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስቦ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመረ። በዐቢይ ጾም ከቤትና ከሥጋ ቤት የሚጣል ሥጋና አጥንት ሲጠፋ፣ ጅቦቹ አህያ ወደ መብላት አብልጠው ዞረው ተገኙ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሱ። ጅብ አህያ ያድናል። በአጥር የተከበበ፣ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን ምን ያድናል?

ከጾሙ ወራት ይልቅ የበለጠ የሚያሳስበኝ የፋሲካ ማግስት ነው። ሁለት ወር ገደማ ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ የቆየ ውሻ፣ በአንድ ቀን ጮማ፣ ሞራ፣ አንጀትና አጥንት ይከመርለታል። ቅባት በድንገት ሲበዛበት ቆሽቱ ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን አጎንብሶ ይቆማል፣ ምግብ ይጠላል። ቤተሰቡ «ሥጋ ጠግቦ ነው» ይላል። በዚህ ላይ የዶሮ ወጥ አጥንት ይጨመራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ይሆናል፤ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። ወጡ ራሱ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አንድ ቀን የቀመሰው ላይታወቅበት ይችላል፤ ከቀን ቀን ቁሌት የጠጣ እንጀራ የሚበላው ግን ደሙ እያነሰ ድዱ ይነጣል፣ ጉልበት ያጣል። በርበሬውም ሆዱን ያቃጥለዋል። ለውሻ የሚሰጠው እንጀራ ወጥ ያልነካው ይሁን፤ ይህን ያህል ማድረግ ለማንም ቤት ከባድ አይደለም።

በግ የሚያርዱ አድማጮቼም እንዲሁ ስሙኝ። ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ፣ ለውሻ ጥሬውን አትወርውሩለት። በከረጢቱ ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ የሌላ ትል እጭ አለ። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በልጆች እጅ፣ በአትክልት፣ በውኃ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ውስጥ ገብቶ በጉበትና በሳንባ ላይ ያን የመሰለ ከረጢት ያበቅላል፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፤ ንጹሕ የሚመስለውንም በደንብ ቀቅላችሁ፣ ቀዝቅዞ፣ በምግብ ሰዓቱ ስጡት። የትል መድኃኒቱን ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ አትለፉት። በሰዓት የሚበላ ውሻ እንክብሉን ከምግቡ ጋር ዋጠው አልዋጠው ይታያል፤ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ለተከፈተለት ውሻ የሰጣችሁት እንክብል የት እንደገባ በምን ታውቃላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

«ውሻ ከጠገበ ይተኛል፣ አይጠብቅም» የሚል አነጋገር በየሰፈሩ አለ። በዚህ ምክንያት ሆን ብለው የሚያስርቡ ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ጭካኔም ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት በከንቱ አይደለም። የተራበ ውሻ ቆሻሻ ሲፈልግ ያድራል፣ በር ሲከፈት ይጠፋል። ሌባ በአጥር አሻግሮ መርዝ የተቀባ ሥጋ ቢወረውርለት ሳያሸት ይውጠዋል። በሰዓቱ የበላ ውሻ መጥገቡ ከመጠበቅ አያግደውም፤ የሚያስተኛው ያለ ልክ መወፈር ነው።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው። ሁልጊዜ በጉጉት የሚበላ ውሻ አንድ ቀን ምግቡን አሽትቶ ቢመለስ፣ ወይም መብላት እየፈለገ መዋጥ ቢያቅተው፣ ምራቁ ቢዝረከረክ፣ ጠባዩ ቢለወጥ፣ የለመደውን ሰው ቢሸሽ ወይም ያለ ምክንያት ቢነክስ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «አጥንት ተቀርቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን በአፉ ይከታል። አታድርጉት! እባካችሁ አታድርጉት። ውሻውን ለብቻው ዝጉበትና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። ሳህን ሞልቶ መተው የሰፈርን ውሻ ወደ ግቢ ስለሚጠራ፣ ያልተከተበ ውሻና የእናንተ ውሻ የሚገናኙትም በዚያ ሳህን ላይ ነው።

ምግብ ሁልጊዜ ሊቀመጥላቸው የሚገባ ውሾችም አሉ፤ እነርሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። የምታጠባ ውሻ ቡችሎቿ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው ከወትሮዋ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ ብዙ ከወለደችም ከዚያ በላይ ጉልበት ትፈልጋለች። ለእርሷ ደረቅ ምግብ ሳይቋረጥ ይቀመጥላት፤ ከሌለ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ይሰጣት። ከሕመም ያገገመና የከሳ ውሻም ሐኪሙ እንደሚለው ነው። በተቃራኒው የስኳር ሕመም ያለበት ውሻ ኢንሱሊኑና ምግቡ አብረው ስለሚሄዱ በሰዓት ካልሆነ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ውኃ ግን ለሁሉም፣ ቀንም ሌሊትም፣ ንጹሕ ሆኖ አይታጣ፤ በሰዓት መመገብ ማለት በሰዓት ማጠጣት አይደለም።

ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይዞራል? ውሻችሁ ቀኑን ሙሉ መቀማመስ የለመደ ከሆነ ጠዋት የተለካውን አቅርቡለት፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቁና የተረፈውን አንሡ። ማታም እንደዚሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ግማሹን ትቶ በኋላ ሲያላዝን ሊያሳዝናችሁ ይችላል። ጤነኛና ያደገ ውሻ አንድ ምግብ ቢዘለው አይጎዳም፤ በመካከል አትስጡት። ቡችላ፣ በጣም ትንሽ ዝርያና የታመመ ውሻ ግን በዚህ መንገድ አይፈተንም። ያደገውም ቢሆን አንድ ሙሉ ቀን ካልበላ ሐኪም ይየው። የምግቡን ዓይነት መለወጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአሮጌው ጋር እያደባለቃችሁ በሰባት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ አሸጋግሩት፤ አለበለዚያ ያስቀምጠዋል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ውሻ ያላችሁ ለየራሳቸው ሳህን፣ ራቅ ራቅ አድርጋችሁ አቅርቡ። በአንድ ሳህን ላይ ጉልበተኛው ይወፍራል፣ ደካማው ይከሳል፤ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ግን ሁለቱም የበሉ ይመስላል። ልጆችም ውሻ ሲበላ አጠገቡ አይሂዱ፤ ሳህኑን አይንኩ፣ አጥንቱን አይቀሙት። የዋሁ ውሻ እንኳ በምግቡ ላይ ሊነክስ ይችላል። ሰዓቱ የታወቀ ከሆነ ልጆችን በዚያ ሰዓት ማራቅ ይቻላል፤ ምግቡ ቀኑን ሙሉ በግቢው መካከል ከዋለ ግን ማንን ከምን ታርቃላችሁ?

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ቤተሰቡንና ዘበኛውን ሰብስባችሁ ውሻውን የሚያበላው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና በምን እንደሚለካ ጠይቁ። ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ፣ አንድ ሰው ኃላፊ አድርጉ፣ አንድ ጣሳ ለዩ፣ ያንን ጀሪካን በሳሙና እጠቡ፤ ከነገ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምራችሁም በሰዓቱ አብሉት። የእብድ ውሻ ክትባቱ ጊዜው ያለፈበት ከሆነም በዚህ ሳምንት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ደኅና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)